ነጭ አዝሙድና ጦስኝ፤ ስለ ስማቸው፣ ስለ መዓዛቸውና ስለ ንግዳቸው የቀረበ ትምህርት

ጨርቅ የሚነግድ ሰው ክሩንና ጥለቱን ለይቶ ያውቃል። ቡና የሚነግድ ሰው ፍሬውን ከዛፉ እስከ ስኒው ድረስ ተከታትሎ ያውቃል። ቅመም የሚነግደው ወገናችን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው የጆንያውን ክብደትና የዕለቱን ዋጋ ብቻ ነው። በእጁ ያለውን ዕቃ ጠባይ ያላወቀ ነጋዴ ደግሞ ዋጋውን የሚወስንለት ገዢው እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም።

በዛሬው ትምህርታችን ሁለት መዓዛማ ዕፀዋትን እንመለከታለን። አንደኛው ከቅቤያችን፣ ከበርበሬያችንና ከሽሯችን የማይለየው ነጭ አዝሙድ ነው። ሁለተኛው በወሎ ደጋ፣ ይኸውም በመቅደላ፣ በሳይንትና ከመካነ ሰላም በላይ ባለው በቦረና ብርዳም አገር ሕዝቡ ለሻይና ለቅመም የሚለቅመው ጦስኝ ነው። የመጀመሪያው በሕንድ አገር ባህላዊ ሕክምና ከፍ ያለ ስፍራ ስላለው በውጭ ገበያ ስሙ የታወቀ ነው። ሁለተኛው ግን የእኛ ተራሮች ልጅ ሆኖ ሳለ ከአገር ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የሁለቱም ንግድ በሦስት ነገሮች ይጸናል፤ እነርሱም ስም፣ መዓዛና ሥር ናቸው። ከሦስቱ አንዱ የጠፋ እንደሆነ ሌሎቹ ብቻቸውን ንግዱን ሊያቆሙት አይችሉም። ዝርዝሩ ከዚህ በታች ይገለጻል።

ነጭ አዝሙድ በሕንድ አገር

የሕንድ ሰዎች ባህላዊ ሕክምናቸውን አዩርቬዳ ይሉታል። ቃሉ ከሳንስክሪት ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የሕይወት ዕውቀት» ማለት ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት የሰው ሰውነት ቫታ፣ ፒታና ካፋ በሚባሉ ሦስት ኃይሎች ሚዛን ይጠበቃል። ሚዛኑም ሲዛባ በምግብ፣ በቅመምና በዕፀዋት ይስተካከላል ተብሎ ይታመናል። ነጭ አዝሙድ በሳንስክሪት ያቫኒ፣ በሕንድኛ አጅዋይን ይባላል። የአዩርቬዳ ሐኪሞች ከሚያሞቁ ዕፀዋት ወገን ይቆጥሩታል፤ አግኒ የሚሉትን የምግብ መፍጫ እሳት ያነሣሣል፣ የሆድ መነፋትንና ቁርጠትን ያስታግሣል ይላሉ።

ይህ አነጋገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን እናቶች ዘንድም ነጭ አዝሙድ «ለሆድ» የሚባል ቅመም ነው። ክብደት ባለው ምግብ ውስጥ የሚጨመርበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሁለት ሕዝቦች በባሕር ተለያይተው ሳሉ ስለ አንድ ፍሬ ተመሳሳይ አሳብ ይዘው መገኘታቸው ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል፤ ዕቃው በሁለቱም ወገን ፈላጊ ያለው መሆኑን ያመለክታልና።

ይሁን እንጂ ሕንድ ገዢያችን ብቻ ሳትሆን ተወዳዳሪያችንም መሆንዋ ሊዘነጋ አይገባም። ነጭ አዝሙድን በብዛት በማምረት የታወቀችው አገር ራስዋ ሕንድ ስትሆን፣ በተለይም ራጃስታንና ጉጃራት የሚባሉት ግዛቶቿ በዚህ ሰብል ይታወቃሉ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ላኪ በብዛት ሳይሆን በንጽሕናና በታማኝነት መወዳደር ይኖርበታል።

ሁለቱን ዕፀዋት የሚያገናኘው ነገር

ነጭ አዝሙድና ጦስኝ በወገን የተራራቁ ናቸው። ነጭ አዝሙድ የካሮት፣ የድምብላልና የእንስላል ዘመድ ሲሆን በየዓመቱ ተዘርቶ የሚታጨድ ነው። ዘር ብለን የምንጠራውም በእውነቱ የደረቀ ጥቃቅን ፍሬው ነው። ጦስኝ ግን የበሶብላና የናና ዘመድ ነው። ዓመት ከዓመት የሚኖር፣ መሬት ለመሬት የሚንሰራፋ፣ ከሥሩ እንጨትነት ያለው ትንሽ ቁጥቋጦ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 4,000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ይበቅላል።

ሆኖም አንድ ሰው ነጭ አዝሙድን በአንድ እጁ፣ ጦስኝን በሌላ እጁ አሽቶ ቢያሸት መዓዛቸው እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ያገኘዋል። ምክንያቱ በሁለቱም መዓዛማ ዘይት ውስጥ ቲሞል የሚባል ንጥረ ነገር መኖሩ ነው። በጦስኝ ውስጥ ከቲሞል ጋር ካርቫክሮል የሚባል ወንድሙ ይገኛል። በአንዳንድ ስፍራ የሚበቅለው ጦስኝ ቲሞል ሲበዛበት፣ በሌላው ስፍራ ደግሞ ካርቫክሮል ይበዛበታል። ስለዚህ የአንዱ ተራራ ጦስኝ ከሌላው ተራራ ጦስኝ በመዓዛ ቢለይ ሊያስደንቅ አይገባም።

ቲሞል የራሱ የንግድ ታሪክ አለው። ካስፓር ኖይማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ከጦስኝ ወገን ከሆነ ተክል ለይቶ ያወጣው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1719 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ተሕዋስያንን የመግደል ኃይሉ ስለታወቀ፣ ለአፍ መጉመጥመጫ፣ ለቁስል ማጠቢያና የአንጀት መንጠቆ ትልን ለማስወጣት ሲሠራበት ቆየ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ ይኸውም ከ1914 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አስቀድሞ፣ የጀርመን ፋብሪካዎች ቲሞል የሚያወጡት በአብዛኛው ከሕንድ በመርከብ ከሚመጣላቸው ነጭ አዝሙድ ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። ከዚያም በኋላ ቲሞልን በፋብሪካ ቀምሞ መሥራት እየተስፋፋ በመሄዱ፣ ለቲሞሉ ሲባል የሚደረገው የነጭ አዝሙድ ንግድ የቀድሞ ኃይሉን አጣ።

የእኛው ቆሶም ተመሳሳይ ዕድል ገጥሞታል። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ለኮሶ ትል ሲሉ ከኢትዮጵያ ያስመጡት ነበር፤ የፋብሪካ መድኃኒት ሲመጣ ግን ፈላጊው ጠፋ። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። አንድን ዕፅ በውስጡ ስላለው አንድ ንጥረ ነገር ብቻ የሚሸጥ ሰው፣ ያ ንጥረ ነገር በፋብሪካ በተሠራ ጊዜ ገበያውን ያጣል። ዕፁን በሙሉ መዓዛው፣ በበቀለበት አገርና በታመነ ስሙ የሚሸጥ ሰው ግን ፋብሪካ በቀላሉ አይተካውም።

ስሙን ስለ መጠበቅ

በቅመም ንግድ ውስጥ ብዙ ኪሣራ የሚመጣው ከስም መደባለቅ ነው። በአማርኛ ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ በአንድ ስም ስለሚጠሩ አንድ ወገን ይመስላሉ። ነገር ግን ፈጽሞ ዘመድ አይደሉም። ጥቁር አዝሙድ ማዕዘን ያለው ጥቁር ዘር ሲሆን የላቲን ስሙ ኒጄላ ሳቲቫ ነው። የነጭ አዝሙድ የላቲን ስም ትራኪስፐርሙም አሚ ነው። ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛው ከሙን አለ፤ የላቲን ስሙ ኩሚኑም ሲሚኑም ነው። ፍሬው ከነጭ አዝሙድ ረዘም ይላል፣ መዓዛውም ፈጽሞ የተለየ ነው።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል አንድ ላኪ «ነጭ አዝሙድ» የሚለውን ስም ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በውሉ ላይ ጻፈ እንበል። የውጭው ገዢ ቃሉን ሲያነብ የሚረዳው ከሙን ነው። ዕቃው ከወደብ ሲደርስ ገዢው የጠበቀውን አያገኝም፤ ባንኩ ሰነዱን ይይዛል፤ ላኪው ምንም ሳያጭበረብር የአጭበርባሪ ስም ይሰጠዋል። የመመለሻው የመርከብ ኪራይ፣ የመጋዘኑ ኪራይና የታሰረው ገንዘብ ሲደመር የዓመት ትርፍ ያስረሳል። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ ቃል ነው።

ስለዚህ ማናቸውም ላኪ ወይም አስመጪ በውሉ፣ በዋጋ ማቅረቢያውና በማሸጊያው ላይ ከአማርኛው ስም ጋር የላቲኑን ስም መጻፍ ይገባዋል። ከውሉም አስቀድሞ ናሙና ልኮ በጽሑፍ ማረጋገጫ ቢቀበል ከብዙ ችግር ይድናል። በጉምሩክ ረገድም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ከሙን በአንቀጽ 09.09 በስሙ ተጠቅሶ ይገኛል። የጦስኝ ወገን የሆኑት በአንቀጽ 09.10 ተመድበዋል። ነጭ አዝሙድን በከሙን ስም አስመዝግቦ መላክ የስም ስሕተት ብቻ ሳይሆን የቀረጥ ስሕተትም ሊሆን ስለሚችል፣ ነጋዴው አስቀድሞ የጉምሩክ ሹማምንትን መጠየቅ ይኖርበታል።

በጦስኝም በኩል ስሙ ቦታ አለው። በአገራችን ሁለት የጦስኝ ዓይነቶች ይገኛሉ። አንደኛው በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ቲሙስ ሺምፐሪ ይባላል። ሺምፐር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዕፀዋትን ሲሰበስብ የኖረ ጀርመናዊ ሲሆን፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን መጨረሻ በመቅደላ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. በአምባው ላይ ከወደቁ በኋላ ሺምፐር ወደ ዐድዋ ተመልሶ በዚያው ሞተ። የወሎን ደጋ የሚያውቅ ሰው ስም በዚህ ዕፅ ላይ መቅረቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ዕፁ ግን ጦስኝ የሚለውን የአማርኛ ስሙን ይዞ ወደ ገበያ ቢወጣ፣ የአውሮፓን ቲም የሚሸጡ ብዙ አገሮች የሌላቸውን መለያ ያገኛል።

መዓዛውን ስለ መጠበቅ

ገዢ ነጭ አዝሙድን ወይም ጦስኝን ሲገዛ የሚገዛው መዓዛውን ነው። የቀረው ገለባና እንጨት ነው ማለት ይቻላል። መዓዛማ ዘይቱ ደግሞ በሙቀት፣ በብርሃንና በነፋስ የሚበንን ነው። ጥሩ ነጭ አዝሙድ ከክብደቱ ከመቶ 2 እስከ 4 ያህል መዓዛማ ዘይት ይሰጣል።

ይህን በሒሳብ እንመልከተው። በአንድ ኩንታል ውስጥ ከመቶ 3 እጅ ዘይት ቢኖር፣ ዘይቱ 3 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። በክፉ አያያዝ ምክንያት ወደ ከመቶ 2 ቢወርድ፣ የጠፋው 1 ኪሎ ብቻ ነው። ሚዛኑ ላይ ያለው ልዩነት አይታወቅም። ነገር ግን ገዢው ከፈለገው ነገር ሲሶው ጠፍቷል። ነጋዴው 1 ኪሎ የጎደለበት መስሎት ሳለ፣ በላቦራቶሪ ለሚመረምረው ገዢ ግን ዕቃው በሲሶ ረክሷል።

ይህን ጉዳት ለመከላከል የሚከተሉትን መፈጸም ያስፈልጋል።

1ኛ፤ ነጭ አዝሙድ በአውድማ ላይ ሲወቃ አፈርና ጠጠር እንዳይገባበት በንጹሕ ሸራ ላይ ይሁን። ከዚያም በሰፌድ ተነፍቶ በወንፊት ይበጠር። በመኪና መንገድ ዳር ማስጣት ከቶ አይገባም።

2ኛ፤ ጦስኝ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር፣ በስሱ ተዘርግቶ ይድረቅ። በብርቱ ፀሐይ የደረቀ ጦስኝ ቀለሙ ይነጣል፤ መዓዛውም ከእርጥበቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

3ኛ፤ ያልደረቀ ዕቃ በጆንያ አይታሰር። ክብደት እንዲጨምር ውኃ የሚረጭ ሰው ለጊዜው ጥቂት ገንዘብ ያገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ሻጋታን ይጋብዛል። ሻጋታም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያመጣ ስለሚችል፣ በውጭ ወደቦች ዕቃው በሙሉ ሊወገድ ይችላል።

4ኛ፤ መጋዘኑ ደረቅ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ይሁን፤ ጆንያውም ከመሬት ከፍ ብሎ በርብራብ ላይ ይቀመጥ። ቅመም የሌላውን ሽታ ቶሎ ስለሚቀበል ከላምባ፣ ከሳሙና፣ ከቆዳና ከተባይ መድኃኒት ጋር አብሮ አይከማች።

5ኛ፤ ባለ ሱቁ ቅመሙን ሳይፈጭ ያቆይ፤ ገዢ ሲመጣ በጥቂት በጥቂቱ ያስፈጭ። የተፈጨ ነጭ አዝሙድ ክዳን በሌለው ዕቃ ከቆየ ጥቂት ሳምንታት ይበቁታል።

ዘይቱ ምን ያህል እንደሆነ በትክክል የሚታወቀው በእንፋሎት ተነጥሮ ሲለካ ነው። አሠራሩ ከካቲካላ አወጣጥ ጋር ይመሳሰላል፤ እንፋሎቱ መዓዛውን ይዞ ይወጣና ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውኃው ተለይቶ ይቀመጣል። በአገራችን በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፀዋት ላይ ምርምር የሚያደርገው የወንዶ ገነት የእርሻ ምርምር ማዕከል ነውና፣ በዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስብ ነጋዴ ምክር ቢጠይቅ ይጠቀማል። ለገበያ ቀን ግን የእጅ መዳፍ ይበቃል። ጥቂት ፍሬ በመዳፍ ታሽቶ መዓዛው ወዲያው አፍንጫን ካልመታ፣ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ዘይቱ አስቀድሞ ከወጣለት ጋር ተቀላቅሏል።

ሥሩን ስለ መጠበቅ

እስካሁን የተነገረው ስለ ሁለቱም ነበር፤ ከዚህ በታች ያለው በተለይ ጦስኝን ይመለከታል። ነጭ አዝሙድ ቢታጨድ በሚቀጥለው ዓመት ይዘራል። ጦስኝ ግን በአብዛኛው በተፈጥሮ የበቀለ እንጂ የተዘራ አይደለም። ፈላጊው በበዛ ጊዜ ለቃሚው ቸኩሎ ከነሥሩ ይነቅለዋል። ከነሥሩ የተነቀለ ጦስኝ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ሥሩ ይዞት የነበረው አፈርም በክረምት ጎርፍ ይሄዳል።

ይህ የለቃሚው ጥፋት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ገዢው በሚዛን ብቻ ሲገዛ፣ ሥርና አፈር ያለበት ጦስኝ ይከብዳልና ለቃሚው ነቅሎ ቢያመጣ ይጠቀማል። ስለዚህ ጥፋቱን የሚያስቆመው የነጋዴው አገዛዝ ነው። ሥር ያለበትን ጦስኝ አልገዛም የሚል፣ በማጭድ ተቈርጦ ለመጣው ንጹሕ ቅጠል ደግሞ ጥቂት ሳንቲም የሚጨምር ነጋዴ፣ ከብዙ ስብከት የበለጠ ሥራ ይሠራል። ጭማሪውም ኪሣራ አይሆንበትም፤ መዓዛማው ዘይት ያለው በቅጠሉና በአበባው እንጂ በእንጨቱና በሥሩ አይደለምና።

አቈራረጡም እንዲህ ይሁን። ዕፁ ሊያብብ ሲል ወይም ማበብ ሲጀምር፣ ከመሬት ጥቂት ጣቶች ከፍ ተደርጎ በተሳለ ማጭድ ይቈረጥ። ከየስፍራው ጥቂቱ ሳይነካ ይቅር፤ የተቈረጠበትም ቦታ እስኪያገግም ይረፍ። ከዚህም ሌላ ጦስኝ በቅርንጫፉ ቍራጭ ሊራባ ስለሚችል፣ ገበሬው በጓሮውና በእርከኑ ዳር ቢተክለው ለቃሚው ወደ ተራራው የሚወጣበት ምክንያት ይቀንሳል።

ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ ያለው፣ ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው ደን፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራ ነው። እንዲህ ካለው ስፍራ በስርቆት የተለቀመ ዕቃ መግዛት ሕግን ከመተላለፉም በላይ የአገርን ሀብት ማጥፋት ነው። ነጋዴው ዕቃው ከየት ቀበሌ እንደመጣ በመዝገቡ ላይ ቢጽፍ ራሱን ከክስ ያድናል፤ የውጭ ገዢዎችም ይህን መዝገብ እየጠየቁ መጥተዋል።

በዚሁ አጋጣሚ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን ማስታወስ ይገባል። ይህ አዋጅ የአገሪቱን የዘረ መል ሀብትና የማኅበረሰቡን ዕውቀት ይጠብቃል። ለቀጥታ ፍጆታ የሚሸጥን ተራ ቅመም አይከለክልም። ነገር ግን የውጭ ድርጅት ዕፁን ለምርምር ወይም አዲስ ነገር ለማውጣት የፈለገው እንደሆነ ፈቃድ ሊያወጣና ጥቅሙን ሊያካፍል ግዴታ አለበት። ስለዚህ «ጥቂት ችግኝ ከነሥሩ ላክልኝ» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ነጋዴ፣ ጉዳዩን ወደ ኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይምራው።

ስለ መድኃኒትነቱ ሲነገር

ነጭ አዝሙድ ለሆድ፣ ጦስኝ ለሳልና ለጉንፋን ሲጠጡ መኖራቸው የታወቀ ነው። በአውሮፓም የጦስኝ ወገን ከሳል ሽሮፖች ውስጥ ይገባል። ሆኖም ነጋዴ ሐኪም አይደለም። በማሸጊያው ላይ «ይፈውሳል» ብሎ የጻፈ ሰው ቅመሙን ወደ መድኃኒት ይለውጠዋል፤ መድኃኒት ከሆነም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ቍጥጥር ይጠራል። በወጥና በሻይ ልክ የሚወሰደው ቅመም ሌላ፣ ተነጥሮ የወጣው ዘይት ሌላ ነው። ዘይቱ እጅግ ብርቱ ስለሆነ ሳይቀጠን ቢጠጣ ወይም ገላን ቢነካ ያቃጥላል። በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ያለ ሐኪም ምክር መስጠት አይገባም። እውነተኛውን ስም፣ የተለቀመበትን አገር፣ የታሸገበትን ቀንና ክብደቱን ብቻ ጽፎ መሸጥ ከሁሉ የተሻለ ማስታወቂያ ነው።

ማጠቃለያ

በ1860 ዓ.ም. ከቦምቤይ ተነሥቶ ወደ መቅደላ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት አብዛኛው ሕንዳዊ ነበር። ያን ጊዜ ሕንድና የወሎ ደጋ የተገናኙት በመድፍ ነበር። ዛሬ በሚዛንና በውል ሊገናኙ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ላኪው ስሙን አጥርቶ እንዲጽፍ፣ ባለ መጋዘኑ መዓዛውን እንዲጠብቅ፣ ገዢውም ሥር የያዘውን ጦስኝ እንዲመልስ ነው። ተራራው ከተራቆተ በኋላ የሚጻፍ ውል የለም።

ለመከለስ የሚረዱ ጥያቄዎች

1. ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድና ከሙን በምን ይለያያሉ? በእርስዎ መደብርስ በየትኛው ስም ተመዝግበዋል?
2. ከመቶ 4 ዘይት የነበረው አንድ ኩንታል ነጭ አዝሙድ ወደ ከመቶ 3 ቢወርድ፣ ገዢው ከሚፈልገው ምን ያህሉ ጠፋ?
3. ጦስኝ በሚዛን ብቻ ሲገዛ በተራራው ላይ ምን ጉዳት ይደርሳል? ነጋዴውስ በምን ዘዴ ሊከላከለው ይችላል?
4. ዛሬ በመጋዘንዎ ካለው ቅመም አጠገብ የተቀመጠው ዕቃ ምንድን ነው?